ስለ አንድ ሠዓሊ ኑሮና ስለ አሮጌው ግድግዳ

ሥዕልን የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ሠዓሊውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ምእመን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ሲያደንቅ፣ ያን ፈረስ የሣለው እጅ የማን እንደ ነበረ፣ ባለ እጁም በዚያ ወራት ምን እየበላ ልጆቹን እንዳሳደረ የሚጠይቅ አይገኝም። የጥንቶቹ ሠዓልያን ራሳቸው ስምን በሥራ ላይ መጻፍ አብዝተው አልወደዱም፤ ከሥራቸው ብዛት ጋራ ሲመዛዘን ስማቸው የታወቀው እጅግ ጥቂት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ይኸውም በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ የነበረው ፍሬ ጽዮን እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው በአንድ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው ግን በሥራቸው ብቻ ይኖራሉ፤ ሥራቸው የጠፋ ቀን እነርሱም ሁለተኛ ይሞታሉ።

ከዚህ በታች ኑሮው የሚነገርለት ሠዓሊም ስሙ እንዲነሣ የሚወድ ሰው ስላልሆነ፣ «ሠዓሊው» ብሎ መጥራት ይበቃል። ትውልዱ ጎጃም ነው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ጥቂት ዜማ ከቀጸለ በኋላ፣ ድምፁ እሺ ስላላለው ዜማውን ትቶ ወደ አንድ ሽማግሌ ደብተራ ተጠጋ። እኒያ ሽማግሌ ብራና የሚፍቁ፣ ቀለም የሚበጠብጡ፣ ሰው ሲለምናቸውም ሥዕል የሚሥሉ ነበሩ። ልጁ መጀመሪያ ቀለም ቀጂ፣ ኋላም መስመር ተከታይ ሆኖ ስድስት ዓመት አገለገላቸው። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቀን የጉልበት ሥራ እየሠራ ማታ ሲማር ቈይቶ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የመግቢያ ፈተና አለፈ። ይህ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ ተወልደው፣ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ ዛሬም ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ሠዓሊው ሁለት መምህር ያሳደገው ሰው ነው። ሽማግሌው ደብተራ ጥላ የሌለበትን ሥዕል አስተማሩት፤ በዚያ ሥዕል ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፣ ሁሉም ነገር እኩል የበራ ነውና። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ጠላት ግን በአንድ ዐይኑ ብቻ እንዲሣል፣ ትልቅነትም በማዕርግ እንጂ በርቀትና በቅርበት እንዳይለካ ከእርሳቸው ተረዳ። በከተማው ትምህርት ቤት ደግሞ ጥላን፣ የሰው አካልን አጥንትና ጅማት፣ የራቀው ነገር እንዴት እንደሚያንስ ተማረ። ሁለቱ ትምህርቶች ለብዙ ዘመን በአንድ ጎጆ እንደ ገቡ ሁለት ምራቶች ሲጣሉበት ኖሩ። አንዱን ሲያነሣ ሌላው ያኰርፋል፤ የሣለው ሁሉ ለአሮጌዎቹ ዐዲስ፣ ለዐዲሶቹ አሮጌ ይሆንባቸው ነበር።

የሚኖረው ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ ሸማኔዎችና ጥበብ ሻጮች በሚበዙበት በሽሮ ሜዳ ነው። የተከራያት ቤት ሁለት ክፍል አላት፤ አንደኛዋ ለመኝታና ለማዕድ፣ ሁለተኛዋ ለሥራ። የሥራ ክፍሏ መስኮት በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነ የጧት ፀሐይ በቀጥታ ትገባና ቀለሙን ታሳስተዋለች፤ ስለዚህ ሚስቱ ከመልበስ ያሳለፈችውን ነጭ ነጠላ በመስኮቱ ላይ ይጋርዳል፣ ብርሃኑም በነጠላው ተጣርቶ እንደ ወተት ይሆንለታል። ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሣል። ውሃ ይቀዳል፣ ልጁን ለትምህርት ይቀሰቅሳል፣ ከዚያም ሚስቱ ለሱቆች የምትጠልፈውን የቀሚስ ጥልፍ ይዛ ደጅ ስትቀመጥ እርሱ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ልርዳ?» እያለ ይመጣል፤ ሠዓሊውም እርሱ ራሱ እንደ ተጀመረው፣ ልጁን በማጠብና በመፍጨት ይጀምረዋል።

ሥራው ውበት ከመሆኑ በፊት ድካም ነው። አቡጀዲው በእንጨት ላይ ተወጥሮ በምስማር ይመታል፤ ሙጫ ይቀባል፤ ሲደርቅ በጄሶና በሙጫ የተሠራ ነጭ ልስን ይደረብበታል፤ እርሱም ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ይህም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። የጥንቶቹ ይህንኑ ልስን በዋንዛና በወይራ ጣውላ ላይ ያደርጉት ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሆን ግን የጥጥ ሸማውን በግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። ጥቁሩ ከጥቀርሻና ከከሰል ይገኛል፤ ቢጫው፣ ቀዩና ሰማያዊው ከማዕድንና ከተክል ተፈጭቶ በሙጫ ይበጠበጣል። ዛሬ ቀለም በቱቦ ይሸጣል፤ መፍጨቱ ቀርቶ መግዛቱ ከበደ። ሠዓሊው ቱቦውን እስከ ጫፉ ጠቅልሎ ከጨመቀ በኋላ በቢላዋ ሰንጥቆ ውስጡን ይጠርጋል። በመጨረሻ የሚሥለው ዐይንን ነው። ሽማግሌው መምህሩ እንዲህ ይሉት ነበር፦ «ዐይንን ወደ ኋላ አቈየው። ዐይኑ የተከፈተ ሥዕል ሠዓሊውን ያየዋልና፣ ከዚያ በኋላ ስሕተትን ለመደምሰስ ያሳፍራል።»

ይህን ሁሉ ግን ማን ይገዛዋል? ሠዓሊው ሥራውን በሁለት ስም ይጠራዋል፦ የእንጀራ ሥዕልና የልብ ሥዕል። የእንጀራ ሥዕል የሚለው ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ስትሄድ በትንንሽ ክፍል የሚያሳየውን፣ የዐድዋን ጦርነት፣ ትልልቅ ዐይን ያላቸውን መላእክት ነው። እነዚህን በትንንሽ ሸራና በብራና ላይ እየሣለ ለእንግዶች ዕቃ ለሚሸጡ ሱቆች ያስረክባል። ባለ ሱቁም በሚሸጥበትና ለእርሱ በሚሰጠው ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ያውቀዋል፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ቀን አይጠብቅም። የልብ ሥዕል የሚለው ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በደጁ የሚያልፉትን ሴቶች ነው። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይረዝማል፤ ወገባቸው ከመጕበጡ የተነሣ ፊታቸው ከመሬት በቀር አያይም። እነርሱን በሣለ ጊዜ ሁለቱ ትምህርቶቹ መጀመሪያ ታረቁ። ጀርባቸውን በጥላ፣ ፊታቸውን ግን ጥላ በሌለው ብርሃን፣ በሁለት ዐይን ሣላቸው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ እንዲህ ያሉ 18 ሥዕሎች ተሰበሰቡለት፤ በከተማው ካሉት አዳራሾች አንዱም በታኅሣሥ ወር ለአሥር ቀን ዐውደ ርእይ እንዲያደርግ ፈቀደለት። በዚህ አገር ሰው ሥዕልን ለብቻው ሊያይ ወደ አዳራሽ መሄድ የቈየ ልማድ አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ ከእንግሊዝ አገር ትምህርቱ ተመልሶ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥራዎቹን ለብቻው ያሳየው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1954 ነው። ኋላም በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስታወት ሥዕል ሠርቶ ስሙ በዓለም ታወቀ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉ አይደርስም። ለብዙዎች ዐውደ ርእይ ማለት አስቀድሞ መክፈል ነው፦ ለክፈፍ፣ ለጥሪ ወረቀት፣ ለመኪና። ሠዓሊው ይህን የከፈለው ሚስቱ በሁለት ዓመት ጥልፍ ካጠራቀመችበት ዕቁብ ነው። ዕጣው በወጣላት ቀን ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ አምጥታ «ይኸው፤ ግን ለልጅቱ ትምህርት የታሰበ መሆኑን አትርሳ» አለችው። እርሱም አልረሳም፤ ቀንም ሌሊትም አልረሳም።

በጥቅምት ወር ከተወለደበት አገር ሦስት ሰዎች መጡ፤ የደብሩ ቄሰ ገበዝና ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባሎች። ከአካባቢው ወጥቶ በንግድ የበለጸገ አንድ ሰው መቅደሱን በዐዲስ ሥዕል ለማስጌጥ ስእለት ገብቷል። አሮጌው ሸማ በጢስ ጠቍሯል፣ አይጥ በልቶታል፣ በየጠርዙም ተቀዷል። እርሱ ተልጦ ይውጣና፣ በምትኩ በዘይት ቀለም የደመቀ ሥዕል ይሣል፤ ባለ ስእለቱም በእመቤታችን እግር ሥር ይሣል። ዋጋው ሠዓሊው በሁለት ዓመት ከሚያገኘው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ቄሰ ገበዙ «ልጃችን ሳለህ ለባዕድ አንሰጥም ብለን ነው» አሉት። ሠዓሊው ደስ ብሎት እጃቸውን ሳመ፤ ሚስቱም ደጅ ሆና ሰምታ የምትጠልፈውን አቁማ ፈገግ አለች።

በሳምንቱ ሠዓሊው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዐባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀን በኩል ወጥቶ ወደ አገሩ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ብዙዎቹ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ ተራ በተራ እንደ ቀለበት ይከባበባሉ፤ ሥዕሉም ወደ ቅድስት በሚያየው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ቄሰ ገበዙ መጋረጃውን ገለጡለትና ጧፍ ሰጥተውት ወጡ። ሠዓሊው ይህን ግድግዳ ካየው ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። በበሮቹ ላይ ሰይፋቸውን የመዘዙት መላእክት ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቍሮ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። በሰሜን በኩል ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ተሰልፈዋል። በእነርሱም መካከል ያ ፈረስ አለ! ሠዓሊው በሕፃንነቱ፣ ቅዳሴ ሲረዝምበት፣ በእናቱ ነጠላ ሥር ሆኖ የፈረሱን እግር ይቈጥር ነበር፤ ሁልጊዜም አምስት ይሆንበታል። አሁን በጧፍ ሲያየው ምክንያቱን አገኘው፤ የጥንቱ ሠዓሊ የፊት እግሩን አንድ ጊዜ ሥሎ፣ አልስማማህ ቢለው ቀለም ደርቦበት ከፍ አድርጎ ሌላ ሣለ፤ በዘመን ብዛት የተደረበው ቀለም ሲሳሳ ፊተኛው እግር ተመልሶ ወጣ።

በምዕራቡ በር አጠገብ ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር አንዲት ትንሽ ሴት በግንባርዋ ተደፍታ ተሥላለች። ባለ ስእለት መሆንዋ ነው። አጠገብዋ «ዘከመ ተማኅፀነት» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ስሟ ግን ግማሹ በአይጥ ተበልቶ «ወለተ» ብቻ ቀርቷል። ሠዓሊው ጧፉን አቅርቦ ጀርባዋን ተመለከተ። ከዚያም ደብተሩን አውጥቶ፣ ጧፉ እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጦ ገለበጣት። ሲወጣ በሆዱ የገባው ነገር ፍርሃት ነበር፤ ሊልጠው የመጣው ግድግዳ፣ ማየትን ያስተማረው የመጀመሪያው መምህር ኖሯልና።

በማግሥቱ የደብሩ አለቃ፣ የሰበካ ጉባኤውና ባለ ስእለቱ ነጋዴ በዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ሠዓሊው አሮጌው ሥዕል እንዳይነሣ፣ ይልቁንም ዕውቀቱ ያለው ሰው ተጠርቶ እንዲጠገን፣ ዐዲሱም ሥዕል በሌላ ሸማ ተሠርቶ በቅኔ ማኅሌቱ በኩል እንዲደረግ ለመነ። አለቃውም እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሕዝብ መጽሐፍ ነው። ይህ ግን ጨልሟል። ሕዝቡ ሚካኤልን ከገብርኤል አይለይበትም። የማይነበብ መጽሐፍ ምን ይጠቅማል?»

«አባቴ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ቀለሙ የደከመ ብራና በዕቃ ቤቱ ቢገኝ ግን ምን ይደረጋል?»

«ይገለበጣላ።»

«ከተገለበጠ በኋላስ አሮጌው ይጣላል?»

አለቃው ዝም አሉ። ነጋዴው ግን በትሕትና ቃል፦ «ወንድሜ፣ ብራና በሣጥን ይቀመጣል፤ የመቅደስ ግድግዳ ግን አንድ ነው። እኔ የተሳልሁት ለመቅደሱ ነው። አሮጌውን የሣሉት አባቶች ደግሞ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ሳይሸፍኑ ቀሩ ብለህ ታምናለህ?» አለው።

ለዚህ ሠዓሊው መልስ አላገኘም። እርግጥ ነው፤ በዐይኑም ያየው ነበር፤ መምህሩ የነበሩት ሽማግሌ ደብተራ ራሳቸው በጐረቤት ደብር በአሮጌ ሥዕል ላይ ዐዲስ ሲሥሉ ቀለም አቀብሏቸዋል። የነጋዴውም ስእለት ንጹሕ ነበር፤ በዚያች በተደፋችው ሴት ስእለትና በእርሱ ስእለት መካከል የዘመን እንጂ የልብ ልዩነት የለም። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ሠዓሊውን ያሳፈረው የገዛ ልቡ ነው። መጋረጃው በተገለጠ ጊዜ፣ ከፍርሃቱ አስቀድሞ፣ «ይህ ሁሉ ግድግዳ የእኔ ይሆናል» የሚል ደስታ በልቡ አልፎ ነበር። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «የተቀደደው ይታደስ፤ ያልተቀደደው ግን ይቈይ። እኔ የምዕራቡን በር አልነካም» አለ። ጉባኤውም መክረን በጥር እንልክብሃለን ብሎ አሰናበተው። ቀብድ አልተሰጠውም፤ የመንገዱን ከኪሱ ከፈለ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ነገሩን ሳይነግራት ዐወቀችው። እራት አቀረበችለት፣ እጁን አስታጠበችው፣ ከበላ በኋላም «የምዕራቡን በር ብቻ ነው ያልነካው ያልኸው?» ብላ ጠየቀችው። «እሱን ብቻ» አለ። «እንግዲያስ ሦስቱ ግድግዳ ይቀርልሃል» አለችና ጥልፏን አነሣች። የተቈጣች እንደ ሆነ ወይም ያጽናናችው እንደ ሆነ፣ ሠዓሊው ያን ሌሊት ሲያስብ አድሮ አልለየውም።

ዐውደ ርእዩ በታኅሣሥ ተከፈተ። በመጀመሪያው ማታ ብዙ ሰው መጣ፤ ብዙውም ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ እርስ በርሱ ተጫወተ። አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ ግን ዱላቸውን ይዘው ከሥዕል ወደ ሥዕል ቀስ ብለው ዞሩ። አንዲት ተማሪ ከሸክም ተሸካሚዎቹ በአንደኛዋ ፊት ተቀምጣ ሣለች። አንድ ቄስ ደግሞ በአንዱ ሥዕል ግርጌ የተጻፈውን አንብበው ሠዓሊውን ጠሩና «ልጄ፣ እዚህ ላይ እሳቱ ሰ ሳይሆን ንጉሡ ሠ ነው የሚገባው» አሉት። ሠዓሊውም አመስግኖ በማግሥቱ አረመው። ከሁሉ የሚገርመው፣ በሽሮ ሜዳ መንገድ ዘወትር የሚያያት አንዲት ጭራሮ ተሸካሚ፣ ሚስቱ ጠርታት፣ በአራተኛው ቀን ንጹሕ ነጠላ ለብሳ መምጣቷ ነው። በሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመችና «እኔ ፊቴ እንዲህ ይታያል እንዴ? ማን አየው?» አለች። ሠዓሊው ከአሥሩ ቀን ሁሉ ያተረፈው ይህን ጥያቄ እንደ ሆነ ኋላ ለወዳጆቹ ይናገር ነበር።

በመጨረሻው ግድግዳ ላይ በጧፍ ብርሃን የገለበጣትን ትንሿን ሴት በቀላል ክፈፍ ሰቅሎ ነበር። ሁለት ሰዎች ዋጋዋን ጠየቁ፤ አትሸጥም አለ። ከ18ቱ አምስት ተሸጡ። አዳራሹ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የቀረው ገንዘብ የሚስቱን ዕቁብ ከሞላ ጐደል መለሰ፤ ትርፍ የሚባል ግን አልነበረም። የቀሩትን ሥዕሎች በአህያ ጋሪ ጭኖ ሲመለስ ልጁ «አባዬ፣ እነዚህ ስላልተሸጡ መጥፎ ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። «አይደሉም፤ ገና ሰው አላገኙም» አላት።

በጥር መጨረሻ ስልክ ተደወለለት። ጉባኤው የምዕራቡ ግድግዳ እንዲቈይ፣ የቀረው እንዲታደስ ፈቅዶ ነበር፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ተቀንሷል። ሠዓሊው ደስ ብሎት ሄደ። ሲደርስ ግን የሰፈሩ ወጣቶች ለበረከት ሲፋጠኑ የሰሜኑን ሸማ አስቀድመው ልጠውት ኖረዋል። በዕቃ ቤቱ ማዕዘን እንደ አሮጌ ጆንያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሠዓሊው ሊዘረጋው ሲሞክር ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ እየተሰነጠቀ ረገፈ፤ የፈረሱም አንገት በእጁ ላይ ዱቄት ሆነ። ማንንም አልተቈጣም፤ ክፋት ያደረገ ሰው አልነበረምና። ቢያድር ኖሮ ጠርዙን እርጥበት አስለምዶ በጥንቃቄ ማንሣት ይቻል እንደ ነበረ ማን ነገራቸው?

ሠዓሊው በዚያ ደብር አራት ወር ተቀመጠ። ሸማውን ለጠፈ፣ ልስኑን አለሰነ፣ ፈረሰኞቹን እንደ ገና በየሥፍራቸው አሰለፈ። ባለ ስእለቱን ነጋዴም በደቡቡ ግድግዳ ተደፍቶ ሣለው፤ እንደ ልማዱም ስሙን ሙሉውን ጻፈለት፣ አይጥ እንዳይደርስበትም ከፍ አድርጎ ጻፈው። ሥራው ባለቀ ጊዜ ሕዝቡ ገብቶ እልል አለ። አንዲት ዐይናቸው የደከመ ባልቴት ግን በሰሜኑ በኩል ቆመው በጣታቸው እየጠቈሙ ቈጠሩና፦

«ልጄ፣ የእኛ ፈረስ አምስት እግር ነበረው» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሠዓሊው አልሳቀም። እርሱ ብቻ መስሎት የነበረውን ቍጥር እኒህም እናት በልጅነታቸው ቈጥረውት ኖረዋል፤ ማን ያውቃል፣ እናታቸውም ቈጥራው ይሆናል። ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ጧፍ አብርቶ ተመለሰ። ቀጭን ብሩሽ ወስዶ በፈረሱ ደረት ሥር፣ የሚፈልግ እንጂ የማይፈልግ በማያየው ፈዛዛ መስመር፣ ፊተኛይቱን እግር በቦታዋ ሣላት። ከዚያም ዕቃውን አጥቦ ጠቀለለ። ስሙን አልጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሲነሣ፣ እንግዶች ቀርተው ሱቆቹ የእንጀራውን ሥዕል መቀበል አቆሙ፤ ያን ጊዜ ቤቱን የያዘው የሚስቱ ጥልፍ ነው። ሠዓሊው ግን በነጠላ በተጋረደው መስኮት ሥር ሌሊት በ11 ሰዓት መነሣቱን አልተወም፤ ቀለም ሲያጣ በከሰል ይሥላል።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት በአንተም ደብር በጢስ የጠቈረ ግድግዳ ይኖር ይሆናል። ሊያሳድሰው የተነሣ ባለ ስእለት ቢገኝ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መሰላሉ ከመቆሙ በፊት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጠራ፤ በመጋረጃውም ውስጥ ጧፍ ይብራና አስቀድሞ ይታይ። የሚልጠው እጅ ፈጣን ነው፤ የሣለው እጅ ግን ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ አንዲት ባልቴት እግሩን ትቈጥረው የነበረ ፈረስ በዚያ ይኖር ይሆናልና፣ እርስዋን መጠየቅ አይረሳ።